ባሕር ዛፉ አባባ ቆሞበት የነበረው ቦታ ላይ ወደቀ

ይህን የምጽፈው ገና ሳልረጋጋ ነው፤ የፊደል ስህተት ካያችሁ እለፉልኝ።

ዛሬ ረፋዱ ላይ አንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ አባቴ ቆሞበት የነበረው ቦታ ላይ ወደቀ። አባቴ ከዚያ የራቀው ሦስት እርምጃ ብቻ ነበር።

በየዓመቱ ክረምት ከመግባቱ በፊት ሁላችንም ጎረቤላ በሚባለው ቦታ ባለው የቤተሰባችን ቤት ተሰብስበን ማገዶ እናዘጋጃለን። አባባ ይቆርጣል፣ እኔና እህቴ እየጎተትን እንከምራለን፣ እማማ ታዘናለች።

አባባ ዛፉን ገዝግዞ ሊጨርስ ሲል እማማ ጃኬቱን ይዛ መጣች።

«አንተ ሰውዬ፣ ና ይሄን ልበስ። በላብህ ላይ ብርድ ይመታሃል።»

«ቆይ፣ ልጨርስና።»

«ና ብዬሃለሁ!»

እያጉረመረመ ወደ እሷ መጣ። ያን ጊዜ ከቤቱ በታች ካለው ገደል በኩል ኃይለኛ ነፋስ ተነሣ፤ ዛፉ ተንቋቋና ወደ ቁልቁለቱ መውደቁን ትቶ ወደ እኛ ዞሮ ወደቀ። መሬቱ ከእግሬ ሥር ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ።

እማማ ጃኬቱን እንደዘረጋች ቀረች።

አባባ ዞሮ አየውና «ወደዚያ ነበር መውደቅ የነበረበት» አለ፤ ዛፉን ሊከስስ የፈለገ ይመስል ነበር። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠ። እህቴ ውሃ ሰጠችው፤ ግማሹን ልብሱ ላይ ደፋው።

እማማ አጠገቡ ቁጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች። እሱም እጇን ያዘና «አለሁ እኮ። ይኸው፣ አለሁ» እያለ ደጋገመላት።

እናንተስ በጥቂት እርምጃ የተረፈላችሁ ሰው አለ? እባካችሁ ጻፉልኝ፤ ዛሬ ይህን ብቻዬን ማሰብ አልቻልኩም።