ኮንሱሉ የሚመጣበት ቅዳሜ

ጎረቤቴ ደመቀች ስለ አገር ቤት ልታወራኝ ስትፈልግ መጀመሪያ ስልኬን ትቀበለኝና ከራሷ ስልክ ጋር ማይክሮዌቭ ውስጥ ትከተዋለች። "ይሰማሉ" ትላለች። ማን ነው የሚሰማው? እሱን አትነግርም። እዚህ ካናዳ፣ ፓይንሪጅ ሰፈር ግድግዳ ተጋርተን ስንኖር ስንት ዓመታችን ነው፤ አንድ ቸርች እንሄዳለን፣ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሺፍት እየተቀያየርን እንሠራለን። እኔ ውድነሽ ገበናዬን አንድም ሳላስቀር ዘርግፌላታለሁ፣ እሷ ግን የት እንደተወለደች እንኳ በወጉ አልነገረችኝም። ስጠይቃት "ወሎ" ብላ ታልፈዋለች። ወሎ ሰፊ ነው እኮ!

የጥርጣሬዋ ዓመት በዓል ደግሞ ኮንሱሉ የሚመጣበት ቅዳሜ ነው። በዓመት አንዴ ከኦታዋ ሰዎች ይመጡና ራንድል ሰፈር አንዲት አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግተው ፓስፖርት ያድሳሉ፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ ቢጫ ካርድ ይሰጣሉ፣ ውክልና ያጸድቃሉ። አገር ቤት ንብረት ያለው ሰው፣ እዚያ ሆኖ የሚፈርምለት ዘመድ ለመወከል ያንን ማህተም ማግኘት አለበት። ስለዚህ ሐበሻ ሁሉ ያን ቀን እዚያ ነው። ደመቀች ግን ኮሮላዋን ከአዳራሹ ፊት ለፊት ፓርክ አድርጋ፣ ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ ደፍታ፣ ማን ገባ ማን ወጣ ስትል ትውላለች። እሁድ ቸርች ስንገናኝ "እገሊትም ገብታለች፤ ከእንግዲህ እሷ ፊት አፍሽን ያዢ" ትለኛለች። አንድ ጊዜ "አንቺ ሴትዮ፣ ከነሱ ይልቅ የምትሰልዪው አንቺ ነሽ እኮ" ብላት ወር ሙሉ አኮረፈችኝ።

ከሁሉም የምትጠምደው ሰዒድን ነበር። ሰዒድ ታክሲ ነጂ ነው፤ የደሴ ልጅ። ኮንሱሎቹን ከኤርፖርት የሚቀበል እሱ፣ ወንበር የሚደረድር እሱ፣ "ይሄ ፎቶ መጠኑ ልክ አይደለም፣ ሂጂ ሌላ ተነሺ" እያለ ሰው የሚመልስ እሱ። ማንም አልቀጠረውም። ለደመቀች ዋናው ማስረጃ ያ ነበር። "በነጻ የሚለፋ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ጆሮ ጠቢ ነው!" እውነቱን ለመናገር እኔም አንዳንዴ እጠረጥረው ነበር። ወሬውን አንዱ ይጀምረዋል፣ ሌላው ያዳርሰዋል። ሰዒድ ጠጋ ሲል ጨዋታው ይቆምና ስለ በረዶ ማውራት ይጀመራል። እሱም የገባው ይመስለኛል፤ ግን ሰላም ብሎ ያልፋል።

ባለፈው ጸደይ ደመቀች በሬን ልትሰብረው ደረሰች። ስከፍትላት ስልኳ እጇ ላይ ነው፤ ማይክሮዌቩንም ረስታዋለች።

"እናቴ ሜዳ ላይ ልትወድቅብኝ ነው፣ ውድዬ!"

እናቷ የሚኖሩበት የደሴው ቤት መንገድ ሊወጣበት ተለክቷል። ቤቱ የአባቷ ውርስ ነው፣ ካርታውም በእሷ ስም። ባለቤቱ ወይም ሕጋዊ ወኪሉ በቀጠሮው ቀርቦ ካልፈረመ ምትክ ቦታ የሚባል የለም። ታናሽ ወንድሟ ማትያስ እዚያው አለ፤ "ውክልናውን ብቻ ላኪልኝ" ይላታል።

"ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? ኮንሱሉ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይመጡ የለ እንዴ?" አልኳት።

በሩን ከኋላዋ ዘጋች። ከዚያ ያን ሁሉ ዓመት የደበቀችውን አወጣችው። ስሟ ደመቀች አይደለም። ታላቅ ወንድሟን የመንግሥት ሰዎች ከቤት ሲወስዱት፣ የጠቆመው አብሯቸው ራት ሲበላ የኖረ ጎረቤት ነው። በኋላ እሷም ስትፈለግ በሱዳን በኩል ወጣች፤ በአክስቷ ልጅ ወረቀት፣ በአክስቷ ልጅ ስም። ካናዳም ያንኑ ስም ይዛ ገባች። ካርታው ላይ ያለችው ግን ስንዱ ናት። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ያን ቀን አንጀቴን በላችው።

ቅዳሜ ክንዷን ይዤ አዳራሹ ውስጥ አስገባኋት። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት፤ እሷም አንድ በአንድ ገላመጠቻቸው። ኮንሱሉ ጨዋ ሰው ናቸው። የካርታውን ኮፒ አዩ፣ የካናዳ ፓስፖርቷን አዩ።

"ስሙ ይለያያል፣ እህቴ" አሉ። "ሁለቱም እርስዎ መሆንዎን የሚመሰክር፣ በድሮ ስምዎ የሚያውቅዎ ሰው አለ?"

ወደ እኔ ዞረች። እኔ ምን ልበል? ስንዱ የሚለውን ስም ከሰማሁ ገና ሳምንቴ ነው። ስትሸሸው የኖረችው ሰው ሁሉ እዚያ ተሰልፏል፣ አንዱም ማን እንደሆነች አያውቅም።

"እኔ አውቃታለሁ።"

ሰዒድ ነው፤ ወንበር እንደተሸከመ ቆሟል። "ስንዱ ናት። አባቷ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ወፍጮ ቤት ነበራቸው። ልጅ ሆኜ እህል ይዤ ስመጣ የምትመዝንልኝ እሷ ነበረች። ወላሂ፣ እዚህ ከተማ መጀመሪያ ያየኋት ቀን ነው ያወቅኳት።"

ደስ ብሎኝ እልል ልል ነበር። ዞር ብዬ ሳያት ግን ፊቷ ላይ ደም የለም።

"ታውቀኝ ነበር?" አለችው።

"አዎ።"

"ይሄን ሁሉ ዓመት?"

"ስሟን የለወጠች ሰው ምክንያት ይኖራታል ብዬ ነዋ። እኔ ምን አገባኝ? ለሚስቴም አልነገርኩም።"

እስቲ አሁን አስቡት! ጆሮ ጠቢ ቢሆን ይሄን ምስጢር እስከዛሬ ያቆየው ነበር? ይሄ ለሕፃንም ይገባዋል። ለእሷ የገባት ሌላ ነው። "ሲከታተለኝ ነው የኖረው!" ብላ ወረቀቶቿን ከጠረጴዛው ላይ ለቃቅማ ወጣች። ሮጬ መኪናዋ ጋ ደረስኩባት።

"አንቺ! ተመለሺና ፈርሚ!"

"እሱ በመሰከረልኝ ወረቀት ላይ? ዛሬ የመሰከረልኝ ነገ ይመሰክርብኛል።"

"እናትሽስ?"

መኪናዋን አስነስታ ሄደች። ደሜ ፈላ፤ በጥፊ ባጮልኳት ብዬ ተመኘሁ። ሰዒድ ማታ ጠረጴዛው እስኪታጠፍ ድረስ ኮንሱሉን "ትንሽ እንጠብቃት" ሲላቸው እንደነበር ኋላ ሰማሁ።

ኦታዋ ድረስ ሂጂ ብዬ ለመንኳት። እዚያም ቢሆን ያው ምስክሩ ሰዒድ ነው፤ እሱን ከማስመስከር ሞቷን መረጠች። ቀጠሮው አለፈና ቤቱ ሰኔ ላይ ፈረሰ። ማትያስ ከነልጆቹ አንዲት ክፍል ውስጥ ታፍኖ ነው የሚኖረው፣ እናቱን የሚያስተኛበት ቦታ የለውም።

አንድ እሁድ ከቸርች ተመልሰን ኩሽናዋ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ እናቷ ደወሉ። ስፒከር ላይ አደረገችው። ድምፃቸው ደህና ነው።

"አትጨነቂ ልጄ፣ ዓይሻ ቤት ነኝ። ያቺ የወፍጮ ቤታችን ደንበኛ፣ የሰዒድ እህት። ራሷ መጥታ ወሰደችኝ። ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል ነው የለቀቀችልኝ።"

"ተመስገን" ትላለች ብዬ ጠበቅኩ።

"ማን ላካት?" አለች። "እማዬ፣ ልብ ብለሽ ስሚኝ። ስለ እኔ ምን ምን ይጠይቁሻል? የት እንደምሠራ? ከማን ጋር እንደምውል?"



"ስላንቺ?" አሉ እናቷ። "ኧረ ልጄ፣ ስላንቺ ማን ጠይቆኝ ያውቃል? እኔው ነኝ እንጂ፣ ልጅ አለችኝ፣ ልጅ አለችኝ እያልኩ የማስቸግራቸው።"