የቱን «ደረስን»?

ልጄ ከኖርዌጃዊ ጓደኛዋ ጋር በሸራ ጀልባ ፓሲፊክን ልታቋርጥ መሆኗን ስትነግረኝ፣ እዚህ ኖርዌይ፣ ቬስትሊ ሰፈር ካለው ሳሎናችን የተነሣው ሳቄ መሀል ከተማው ሴንትሩም ድረስ ተሰምቶ የከተማው ባቡር ቲባነው ሁለት ደቂቃ ዘግይቷል። ስትደግምልኝ ሳቄ አለቀ። ጀልባዋን በፎቶ አሳየችኝ። ከሶፋችን ብትረዝም በአንድ ትራስ ነው።

«ሞተርስ?»

«አለው አባዬ፤ ግን በነፋስ ነው የምንሄደው።»

«ነፋሱ እምቢ ቢልስ?»

«እንጠብቃለና።»

በዘራችን ዋና የሚችል ሰው የለም። እኔ ራሴ ገላዬን ስታጠብ እንኳ ግድግዳ ይዤ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የሞላትን ልጅ ግን በምን ይከለክሏታል? ያውም ከባርነሃገ፣ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ «ራስሽ ወስኚ» እየተባለች ያደገችን። ሄደች።

ከፓናማ ወጥተው ፖሊኔዥያ ውስጥ ያለች አንዲት ደሴት ለመድረስ ከወር በላይ ውኃ ላይ ነበሩ። የሳተላይት ስልክ ስለያዙ አልፎ አልፎ አጭር መልእክት ትልክልናለች፦ «ደህና ነን»፣ «ዓሣ በላን»፣ «ዝናብ»። እኔ ሴንትሩም ውስጥ ቢሮ አጸዳለሁ። ከማጸዳቸው ክፍሎች በአንዱ፣ ጠረጴዛ ላይ የዓለም ሉል አለ። ስምንት ዓመት ሙሉ አቧራውን ስጠርግ አንድም ቀን አንብቤው አላውቅም ነበር። ያን ሰሞን ግን አዙሬ አዙሬ ደሴቷን አገኘኋት፤ የዝንብ ኩስ የምታህል ነጥብ። ጨርቄ እዚያ ጋ ሲደርስ ቀስ አደርጋለሁ፤ ማዕበል እንዳላስነሣ።

አንድ እሑድ ረፋድ ላይ ቅዳሴ አልቆ በር ላይ ቆመን ሳለ ባለክዳኗ ሞባይሌ ጮኸች። በፈረንጅ ፊደል የተጻፈች አንዲት የአማርኛ ቃል፦ «ደረስን»።

እኔ ደግሞ ወሬ በልኩ ማውራት አልፈጠረብኝም። እዚያው አወጅኩት። እናቶች እልል አሉ። ከፉሩሴት ሰፈር የሚመጡ አንድ ጡረተኛ ኤርትራዊ ሽማግሌ፣ በወጣትነታቸው ምጽዋ ወደብ የሠሩ ናቸው፣ ጠጋ ብለው፣ «እንኳን ደስ ያለህ ልጄ፤ ወደቡ ውስጥ ገቡ?» አሉኝ።

«እንዴታ! ገብተው መልሕቃቸውን ጥለው ኮኮናት እየጠጡ ነው» አልኳቸው። ኮኮናቱን ከራሴ ነው የጨመርኩት።

በቲባነው ስንመለስ ባለቤቴ ወደኔ ዞረች።

«አንተ፣ ይቺ ልጅ አማርኛ ከማን ነው የተማረችው?»

«ከኔ ነዋ! ከማን ልትማር ኖሯል?»

«አንተ ደረስኩ ስትል የት ነው የምትሆነው?»

ሰው ቀጥሮኝ ብርድ ላይ ሲጠብቀኝ፣ በስልክ «ደረስኩ፣ ደረስኩ» የምለው አልጋ ሥር ተንበርክኬ አንድ እግር ካልሲዬን ስፈልግ ነው። ልጄ ይህን አጠገቤ ቆማ እየሰማች ነው ያደገችው። እንግዲህ መልሕቅ ጥለው ይሁን ካልሲያቸውን እየፈለጉ፣ በምን አውቃለሁ?

«የቱን ደረስን?» ብዬ ጻፍኩላት። መልስ የለም። ሰኞም የለም።

የጓደኛዋ እናት ጋ ደወልኩ። እሳቸውም የደረሳቸው የእሑዱ መልእክት ብቻ ነበር፤ እሱ ግን ግልጽ ነው፦ የደሴቷን መብራት ከሩቅ አይተዋል። ደሴቷን የኮራል ዐለት አጥር ከቧታል፤ መግቢያዋ አንዲት ጠባብ በር ናት፤ ነፋሱ ካልበረደ ጀልባ አይገባባትም። «ዴት ጎር ብራ» አሉኝ፤ ሁሉ ደህና ይሆናል ማለታቸው ነው። ኖርዌጃዊ ቤቱ እየነደደም የሚለው ይህንኑ ስለሆነ አልጽናናሁም። ሦስት ጊዜ ደጋገሙት። በሦስተኛው ድምፃቸው ተሰበረ።

ለማን አቤት ይባላል? ማዘጋጃ ቤቱ፣ ኮሙኑ እንኳ «ነፋስ አብርዱልኝ» የሚል ፎርም የለውም። ባለቤቴ ለገብርኤል ተሳለች። እኔ ሞባይሌን እየከፈትኩ እዘጋለሁ፤ ማጠፊያዋ ሊነቀል ምንም አልቀረው። የቤተ ክርስቲያን ሰው ደግሞ እየደወለ፣ «እህ፣ ኮኮናቱ እንዴት ነው?» ይለኛል።

«ይጣፍጣል» እላለሁ። ምን ልበል?

ማክሰኞ ሥራ ገባሁ። ሉሉን አልነካሁትም፤ አቧራ ቢለብስ ይልበስ። ወለሉን እየወለወልኩ ሳለ ሞባይሌ ጮኸች። የማላውቀው፣ ረጅም ቁጥር።

«አባዬ!»

«የት ነሽ?»

«ደረስን ብዬህ የለ እንዴ?»

«የቱን ደረስን? የኔን ነው የሰውን?»

ሳቀች። መስመሩ ተንኮሻኮሸ፤ ድምጿ ጠፍቶ ተመለሰ። የእሑዱ «ደረስን» የኔ ዓይነት ኖሯል። ሁለት ቀን ከኮራሉ ውጭ ሲዞሩ ስልካቸው ውኃ ገባው።

«አሁንስ?» ብዬ ጮኽኩ። «ልጄ፣ አሁንስ?»

ከእሷ በፊት ዶሮ መለሰልኝ። አውራ ዶሮ፣ ጉሮሮው እስኪነቃ። ባሕር ላይ ዶሮ አይጮኽም። ዶሮ ካለ ግቢ አለ፤ ግቢ ካለ መሬት አለ። የባለቢሮው ወንበር ላይ ዘጭ አልኩ። «ከወደቡ ሱቅ ነው የም—» ስትል መስመሩ ተቆረጠ።

ባለቤቴ ጋ ደወልኩ።

«ደረሱ።»

«የቱን?»

«ዶሮ ሰምቻለሁ።»

አፍንጫዋን ስትናፈጥ ሰማኋት።

«ና በቃ፣ ብቻዬን ነኝ። የት ደረስክ?»

አፌ እንደ ልማዱ «ደረስኩ» ሊል ተከፍቶ ነበር።

«ገና ነኝ» አልኳት። «ባልዲው እንኳ አልተደፋም።»