ከአዳራሹ ያወረድኩት ሥዕል

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባሌም፣ ለጸሎት ጓደኞቼም። ለጌታ እንኳ ተንበርክኬ ኃጢአቴን በስሙ ጠርቼ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ አጻጻፌ ቢንጋደድ ታገሡኝ። እኔ ነኝ ያቃጠልኩት። ሥዕሉን ያጠፋው ዘበኛው ጋሽ ዳና አይደለም፣ እኔ ነኝ።

ሶዶ ውስጥ የአንድ ቀበሌ አዳራሽ እጠርግ ነበር። ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች ዶክተር፣ ከሞቃታማ የባሕር አገሮች ስትሰበስብ የኖረቻቸውን ሥዕሎች ሕዝብ ይያቸው ብላ ግድግዳው ላይ ሰቀለች። ዘንባባ፣ ቀያይ ወፎች፣ ዓሣ የተሸከሙ ሴቶች። አንደኛው ግን የእንጨት ፊት አጥልቆ ባሕር ዳር የሚጨፍር ሰው ነበር። ዘበኛው ጋሽ ዳና ባየው ቁጥር ይስቃል። ይሄ ሰውዬ ስብሰባ ላይ ቢገባ ማንም አያንቀላፋም ነበር፣ ይለኛል በወላይትኛ።

ልጄ ሩት አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትወጣ እየመጣች እሱ ሥዕል ፊት ትቆማለች። አንድ ቀን እዚያው ወደቀች። አረፋ ደፈቀች፣ ሰው ሁሉ አየ። የጸሎት እህቶቼ መንፈሱ ከሥዕሉ ነው አሉ። እኔስ? አዎ አልኩ። በማግስቱ ጋሽ ዳና ቁልፉን ለእኔ ትቶ ምሳ ሲሄድ ሥዕሉን አወረድኩ፣ በነጠላዬ ጠቀለልኩ፣ ቤቴ እንሰቱ ጓሮ ወስጄ አቃጠልኩት።

የባሰው ግን ይሄ ነው። ሩት ከዚያ በፊትም ወድቃ ታውቃለች። በአምስት ዓመቷ በዴሳ ከተማ እናቴ ቤት፣ ከዚያም ሁለቴ። አውቅ ነበር። ልጅሽ የሚጥል በሽታ አለባት እንዳልባል፣ ኋላ የሚያገባት እንዳታጣ ብዬ ደበቅኩ። ሥዕሉ ላይ ሲያላክኩ እፎይ አልኩ። እናት እንዲህ ታደርጋለች? እኔ አደረግኩ።

የቀበሌው ሰዎች፣ ቁልፍ ያዡ ጋሽ ዳና ነውና ሥዕሉን ሸጦት ነው አሉ። አባረሩት። እኔ መጥረጊያዬን ይዤ ቆሜ ሰማሁ። ቁልፉ እኔ ጋ እንደነበር አንድ ቃል አልተነፈሰም። ብቻ እያየኝ "ጦሳ ያውቃል" አለ፤ እግዜር ያውቃል ማለቱ ነው። አሁን ሻንቶ ገበያ ዳር ጫማ ይሰፋል። ሚኒባሱ በዚያ ሲያልፍ አንገቴን እደፋለሁ።

ሩትን የምታክማት ያችው ዶክተር ናት። በመጀመሪያው ቀን፣ ከዚህ በፊት ወድቃ ታውቃለች ወይ ብትለኝ በጭራሽ አልኩ። እስከ ዛሬ ካርዷ ላይ የሚነበበው የእኔ ውሸት ነው። የሥዕሉን ባወጣ ይሄም ተከትሎ ይወጣል። መድኃኒቱ ከፋርማሲ ሲጠፋ ፈልጋ የምታስመጣልኝ እሷ ናት። ፊቷን ብታዞርብኝ ልጄን ምን አደርጋታለሁ? ወዴት እወስዳታለሁ?

ባለፈው ሳምንት ግን ልነግራት ቆረጥኩ። ክፍሏ ገብቼ በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት። ከጽሕፈቷ ቀና አለች።

"የሩት እናት፣ ምነው? ደህና አይደለሽም እንዴ?"

አፌን ከፈትኩ።

"መድኃኒቱ ሊያልቅ ነው" አልኩ።

ተነስታ ትከሻዬን ያዝ አደረገችኝና ሁለት እሽግ ሰጠችኝ። ይቅርታ ልጠይቅ ገብቼ መድኃኒት ይዤ ወጣሁ። ይቅር በሉኝ አልልም፤ ሲያልቅ ያንኑ ውሸት ይዤ ያንኑ በር አንኳኳለሁ።

ይህን ያነበባችሁ፣ ጋሽ ዳና ሌባ እንዳልሆነ እወቁልኝ። ለዶክተሯ ግን አትንገሩብኝ።