የእማማ አስካለ ገጽ

ከአገር የወጣሁ ማታ ወደ አየር ማረፊያ የሚወስደኝ ታክሲ አየር ጤና ላይ መንገድ ተዘጋግቶበት ቆመ። ከጓደኛዬ ከጽጌ ጋር የከፈትነው ሱቅ መብራት ከመዝጊያው ሥር ይታየኝ ነበር። ድረ ገጽ የምንሠራበት ሱቅ ነው፤ ግማሹ የእኔ። ጽጌ ግን ሥራዬ አርጅቷል ብላ አዲሱን ነገር የሚያውቅ ወጣት አመጣችና የእኔን ወንበር ከኮፒ ማሽኑ አጠገብ አደረገችው። ወርጄ አልተሰናበትኳትም። ዛሬም ቢሆን አልወርድም።

በርገን የሚሏት የኖርዌይ ከተማ ገባሁ። እዚህ ክረምቱ አይወጣም። የቀራንዮ ዝናብ ቢያንስ አጉረምርሞ ነው የሚመጣው፤ የዚህኛው ሰላም እንደማይል ጎረቤት ዝም ብሎ ይወርዳል። አንዳንድ ጠዋት መስኮቱ በጉም ሲሸፈን፣ ከጉሙ ውስጥ የታክሲ ረዳት «ዘነበወርቅ! ዘነበወርቅ!» እያለ ሲጣራ እሰማለሁ። ተነስቼ ጫማዬን እስክፈልግ ድረስ አምነዋለሁ።

በሙያዬ ልግባ ብዬ ኮርስ ጀምሬ ነበር። አስተማሪው «ሰላም» የምትል አንዲት ቃል ለማሳየት የፋይል ተራራ አወረደ። እኛ በአንድ ፋይል ነበር የምንጽፋት፤ ገጹ ቀላል ካልሆነ ሳይከፈት መብራት ይጠፋላ። ገጹን የሚከፍተው ብሮውዘር ራሱ ከተማ አክሏል፤ በየጊዜው አዲስ ሰፈር ይቆረቁራል፣ አሮጌውን ያፈርሳል። ተውኩትና በአረጋውያን መኖሪያ ልብስ ማጠብ ያዝኩ።

የመኖሪያ ፈቃዴን ለማሳደስ ስሞክር እንኳ የቢሮው ገጽ «ኔትሌሰርሽ አርጅቷል» ብሎ መለሰኝ፤ ብሮውዘሩን ማለቱ ነው። በአካል ሄድኩ። ልጄ ልትሆን የምትችል ሠራተኛ አንቺ እያለች፣ ቀጠሮ የሚያዘው በገጹ ብቻ ነው አለችኝ።

«ገጹ አርጅተሻል ብሎ መልሶኛል» አልኳት።

«እሱን ለማስተካከልም ቀጠሮ ያዢ» አለች፣ ፈገግ ብላ።

ባለፈው ዓመት ከስንት ዘመን በኋላ ጽጌ ደወለች። እናቷ እማማ አስካለ አርፈዋል። ሱቁ የሁለታችን ሳለ፣ እሳቸው የኖሩትን ሲያወሩ እየሰማሁ ጽፌ ገጽ ላይ አውጥቼው ነበር። ያኔ ማን ሊያነበው ብላ የሳቀችው ጽጌ ናት። አሁን ብትከፍተው የሚታያት የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ሆነ።

«ያ ያመጣሽው ልጅ አልቻለም?» አልኳት።

«አንቺስ ታነቢዋለሽ?» አለች።

በዚያ ጊዜ የአማርኛው ፊደል በላቲኑ ቦታ ላይ ተቀምጦ ነበር የሚጻፈው፤ የፊደሉን መልክ ብሮውዘሩ ከገጹ ጋር ያወርደው ነበር። አዲሶቹ ብሮውዘሮች ያንን አሠራር ጣሉት። የእኔ ጣቶች ግን አልረሱትም፤ ዝብርቅርቁን እያየሁ አነበዋለሁ።

«በአዲሱ ፊደል ጽፈሽ ላኪልኝ» አለች።

«ዓይኔ ደክሟል። በስልክ ላንብብልሽ።»

ዓይኔ ደህና ነው። እሁድ እሁድ ትደውላለች፤ ጥቂት አነብና አቆማለሁ። «እሺ፣ ከዚያስ?» ትላለች፣ ድምጿ የእናቷን እየመሰለ። ለሳምንት እላታለሁ።

የመጨረሻዋን መስመር በቃሌ አውቃታለሁ። «ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ፤ አንዷን አልወለድኳትም» ይላሉ እማማ አስካለ። ጽጌ ይህን ገና አልሰማችም። እዚያ ከደረስን ደግሞ የምትደውልበት ነገር አይኖራትም።

ባለፈው እሁድ ያለፈውን ሳምንት ንባብ መልሼ አነበብኩላት። አላወቀችም፤ ወይም አውቃ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ።