ጥንቸሎቼን አልጥልም

ሶዶ የመጣሁት ባሌን ተከትዬ ነው። መሥሪያ ቤቱ ወደ ሌላ ከተማ ሲያዛውረው እኔ አልሄድም አልኩ። እዚህ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሂሳብ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼን ለምጃለሁ፤ ከዳሞት ተራራ የሚወርደውን የጠዋት ብርድ እንኳ ለምጃለሁ። ትዳሩ በዚያው ፈረሰ። ይህን የምናገረው ሰው እንዲያዝንልኝ ብዬ አይደለም። እልኸኛ መሆኔ ከመጀመሪያው ይታወቅ ብዬ ነው።

ጥንቸሎቹን የገዛሁት ሻንቶ ገበያ ነው። አንዲት ሴት ቅርጫት ውስጥ ይዛቸው ተቀምጣ ነበር፤ እህትማማቾች ናቸው፣ አንዷ ነጭ፣ አንዷ ግራጫ። ግራጫዋን ሳነሳት ጣቴን አሸተተችና ነከሰችኝ። ያኔውኑ ወደድኳት። በሚኒባስ ስንመለስ አጠገቤ የተቀመጡ ሰውዬ ቅርጫቱን አየት አድርገው፣ «ለወጥ ነው?» አሉኝ።

«አይ፣ ለእኔ ናቸው።»

አልገባቸውም። እኔም አላብራራሁም።

ያኔ የምኖረው አንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ ከኋላ ያለች ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቼ ነው። የግቢው ባለቤት ሰባ ዓመት የተጠጉ ሴት ነበሩ፤ አያታቸው ከሰሜን የመጡ ሹም እንደነበሩ ቢያንስ በሳምንት አንዴ ሳያነሱ አያልፉም። እማማ ነበር የምላቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም። ጉንፋን ሲይዘኝ አጥሚት ሠርተው ያመጡልኝ ነበር። ጥንቸሎቹን ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዓይናቸው አልወደደም።

«እርኩስ ነው ልጄ፣ አይበላም» አሉኝ።

«እማማ፣ እኔም አልበላቸውም።»

«ታዲያ ምን ያደርጉልሻል?»

ከትምህርት ቤት ስመለስ ሁለቱ በኋላ እግራቸው ቆመው በሩን ያያሉ። ለእኔ ይህ በቂ ነበር።

ማደሪያቸውን ብየዳ ቤት ሄጄ ነው ያሠራሁት። ስልኬ ላይ አንድ ቪዲዮ አይቼ ወለሉ ሽቦ ይሁን አልኩ፤ ሽንታቸውና በጠጣቸው ወደ ታች ያልፋል፣ ማደሪያው አይቆሽሽም። ብየዳ ሠራተኛው እንጨት ቢሆን ይሻላል ሲለኝ አልሰማሁትም። ተሠርቶ ሲያልቅ ራሴ የፈለሰፍኩት ያህል ኮራሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ግራጫዋ ራሷን እያራገፈች ጆሮዋን በኋላ እግሯ ስትቧጥጥ አየኋት። ይዤ ጆሮዋን ገለጥ ሳደርገው ውስጡ ተደራርቦ በደረቀ ቡናማ ቅርፊት ተሞልቷል። በጥፍሬ ላነሳው ሞከርኩ። ደማ፤ እሷም ጮኸች። ጥንቸል መጮህ እንደምትችል እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ነጯንም ገልብጬ አየኋት። የኋላ ተረከዞቿ ላይ ፀጉሩ አልቋል፤ ቆዳው ቀልቷል፤ በግራ እግሯ በኩል መሐሉ ተከፍቶ እዥ ይዟል። መራመድ ትታ አንድ ጥግ የምትቀመጠው ሰንፋ መስሎኝ ነበር።

ጩኸቱን ሰምተው እማማ መጡ። ከሩቅ ቆመው አፍንጫቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«እከክ ነው! እሑድ እሑድ የልጅ ልጆቼ የሚጫወቱት እዚህ ግቢ ነው። ነገን ልተውልሽ፤ ለሚቀጥለው እሑድ ግን አንዳቸውንም እንዳላይ።»

በዚያው ግቢ የሚኖር አንድ ሾፌር ደግሞ ሊረዳኝ ፈልጎ በጠርሙስ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይዞ መጣ። ውሻውን ያዳነው በዚህ እንደሆነ ነገረኝ። ሌላም ጨመረልኝ፤ እሱ ታሞ የተረፈው አሞክሳሲሊን ነበር። «ካፕሱሉን ከፍተሽ ውሃቸው ላይ በትኚው። ቁስል ሁሉ ቁስል ነው» አለኝ። አመስግኜው ተቀበልኩና ሁለቱንም አስቀመጥኩ። የማላውቀውን ነገር በራሴ ላይ እንኳ ሞክሬ አላውቅም።

ሁለቱን ለየኋቸው። ግራጫዋን ወጥ ቤቴ አስገባኋት። ሰኞ ዕለት ክፍለ ጊዜዬን እንዲይዝልኝ ባልደረባዬን ለምኜ ሁለቱንም በየካርቶናቸው አድርጌ በባጃጅ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሄድኩ።

ግቢው በሬና ላም እየነዱ በመጡ ገበሬዎች ሞልቶ ነበር። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ቦት ጫማው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ካርቶኑን ከፈት አድርጎ አየና ሳቀ።

«ቲቸር፣ እዚህ በሬ እየሞተብን ነው እኮ።»

«አያለሁ። ተራዬን እጠብቃለሁ።»

«ይጣሏትና ሌላ ይግዙ። መድኃኒቱ ከእሷ ይወደዳል።»

«ዋጋዋን አልጠየቅኩህም። ያመማትን ነው የጠየቅኩህ።»

የሰሙት ሳቁ። ፊቴ ነደደ። ከቤት ያስወጣኝ እልህ ግን ወደ ቤት መልሶ የሚሰደኝ አልነበረም። ግንድ ላይ ተቀምጬ ካርቶኖቹን ጭኔ ላይ አደረግሁ። በሬ ታየ፤ ላም ታየ፤ አህያ ታየ። እኩለ ቀን ሲቃረብ ላማቸውን አሳክመው የጨረሱ አንድ ሽማግሌ በወላይትኛ ቅላጼ፣ «ዶክተር፣ ይሄ ሴትዮ ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጧል። እይለት እንጂ፤ ጥንቸሉም ነፍስ አለው» አሉት።

ሐኪሙ እጁን ታጥቦ መጣ። ከዚያ በኋላ አልሳቀም። ግራጫዋን በፎጣ ጠቅልሎ ጆሮዋን ወደ ብርሃን አዞረ፤ ነጯን ገልብጦ ተረከዟን በጣቱ ዳበሰ፤ አሸተተ።

«አንድ ዓይነት በሽታ መስሎዎታል?»

«አዎ።»

«አይደለም። ይህቺ ጆሮዋ ውስጥ ያለው በዓይን የማይታይ ተባይ ነው። ቅርፊቱን ደግሞ እንዳይነቅሉት፤ ተባዩ ሲሞት ራሱ ይወድቃል።» ወደ ነጯ ዞረ። «ይህቺን ግን ማንም አላስያዛትም። የምትተኛው ምን ላይ ነው?»

«ሽቦ ላይ።»

«እንግዲህ በሽታዋ ማደሪያዋ ነው፣ ቲቸር።»

እማማን፣ ሐኪሙን፣ የሚስቁትን ሁሉ ልጣላ ተዘጋጅቼ ነበር። ነጯን ያቆሰልኳት ግን እኔ ነኝ፤ ያውም በኮራሁበት ነገር።

ግራጫዋ አይቨርሜክቲን የሚባል የተባይ መድኃኒት ከቆዳዋ ሥር መወጋት ነበረባት። ሐኪሙ ለላም በለመደው እጁ መርፌውን ሲስብ አስቆምኩት።

«መዝነሃታል?»

«በግምት እናውቃለን።»

«በግምት አትወጋትም።»

ክሊኒኩ ለእሷ የሚሆን ሚዛን አልነበረውም። ከመንገዱ ማዶ ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ነበረች። «በሽተኛ አውሬ ሚዛኔ ላይ?» ብላ ሚዛኗን አቀፈችው። ካርቶኑን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ እየለመንኩም እየተቆጣሁም አስመዘንኳት። ከዚያ ባዶ ካርቶኑን አስመዝኜ ቀነስኩ። ሐኪሙ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ቁጥሩን ስነግረው ከሲሪንጁ ላይ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን መድኃኒት መልሶ አፈሰሰው።

ሾፌሩ የሰጠኝን ካፕሱል ሳሳየው ደነገጠ። በአፍ የሚሰጥ አሞክሳሲሊን ጥንቸልን ሆዷን አበላሽቶ ሊገድላት እንደሚችል ያን ዕለት ነው ያወቅሁት። የተቃጠለውን ዘይትም እንዳላስጠጋው አስጠነቀቀኝ፤ ትልሰዋለች፣ ቆዳዋም ይቃጠላል። ለነጯ ያዘዘው ቀላል ነገር ነበር፤ ደረቅና ለስላሳ ወለል፣ ጨው በገባበት ለብ ያለ ውሃ ማጠብ፣ በደንብ ማድረቅ፣ የቀጠነ አዮዲን፣ ጥፍሯን ማሳጠር። «ከሁለት ሳምንት በኋላ ግራጫዋ ትደገማለች። ሰው ላይ አይራባም፤ ቢበዛ ትንሽ ያሳክክ ይሆናል፤ እጅ መታጠብ ነው» አለኝ።

ያንኑ ቀን ማደሪያውን ወደ ብየዳ ቤቱ አስጫንኩት።

«ሽቦ ይሁን ያልሽው አንቺ ነሽ እኮ» አለኝ ሠራተኛው።

«እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ። አሁን ንቀለውና እንጨት አድርግበት።»

ማታ ለእማማ ሐኪሙ ያለውን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ወጥ ቤት ውስጥ ለይቼ እንደያዝኳት፣ ማደሪያውን በፈላ ውሃ እንደማጥበው፣ ጉዝጓዙን እንደማቃጥለው ነገርኳቸው። አዳምጠው ሲጨርሱ፣ «እሑድ ብያለሁ» አሉ።

«እሺ እማማ። ለእሑድ እንወጣለን።»

«ማን ነው የሚወጣው?»

«ሦስታችንም።»

አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ለጥንቸል ብለሽ ቤት ትለቂያለሽ?»

«ታመሙ እንጂ አላጠፉም። ስለታመሙ አልጥላቸውም።»

ድፍረት መሰለ እንጂ የምሄድበት አልነበረኝም። ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ በኋላ ቤት ስፈልግ ሰነበትኩ። ጥንቸል አለኝ ስል በር የዘጉብኝ ነበሩ። ደብቄ ልግባ የሚል ሐሳብ መጥቶብኝ ያውቃል፤ ግን መደበቅ መታመማቸውን እንደ ጥፋት መቁጠር ነው አልኩና ተውኩት። ዓርብ ዕለት ከከተማው ዳር፣ ጓሮው እንሰት የሆነ አንድ ቤት አገኘሁ። የቤቱ እመቤት ወጣት እናት ናት። ገና ደጃፉ ላይ ቆሜ፣ «ሁለት ጥንቸሎች አሉኝ፤ ሁለቱም ቁስለኞች ናቸው። ካልፈለግሽ አሁኑኑ ንገሪኝ» አልኳት።

«ጆሮው ነው የታመመው?»

«የአንዷ ጆሮዋ፣ የአንዷ እግሯ።»

«የእኔ ፍየልም እንደዚህ አሳክኮት ነበር። ዳነ» አለችና በሩን ከፈተችልኝ።

ቅዳሜ ዕቃዬን በጋሪ አስጭኜ ወጣሁ። እማማ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው አዩኝ። ቻው አልኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ እንጂ አልመለሱልኝም። አላለቀስኩም ማለት አልችልም፤ ግን ጋሪው ግቢውን ካለፈ በኋላ ነው።

አዲሷ አከራዬ ደረቅ የእንሰት ቅጠል ሰነጣጥቃ አመጣችልኝና እንጨቱ ወለል ላይ አብረን ጎዘጎዝነው። በየቀኑ የረጠበውን እያነሳሁ ደረቅ እተካለሁ። የግራጫዋ ቅርፊት በሳምንት ውስጥ መርገፍ ጀመረ፤ ሥሩ ሮዝ የሆነ ጤነኛ ቆዳ ነበር። ለሁለተኛው መርፌ ስንሄድ ሐኪሙ ካርቶኑን እንዳየ ወደ ቲማቲም ሻጯ ሄዶ ሚዛኑን ራሱ ይዞ መጣ።

ነጯ ግን አስቸገረችኝ። ጠዋትና ማታ እግሯን ሳጥባት ክንዴን ትቧጥጠኛለች፤ ጠባሳው ዛሬም አለ። አንድ ጊዜ እግሯ አብጦ መግል ያዘ። ሐኪሙ ከፍቶ ካጠበላት በኋላ፣ «አጥንቷ ጋ ደርሶ ከሆነ አትድንም፤ ይወቁት» አለኝ።

«እስክትሞት ድረስ አልሞተችም» አልኩት። «ቀጣዩን ቀጠሮ ንገረኝ።»

ሦስት ወር ሊሞላው ሲል ቁስሉ ተዘጋ። ተረከዟ ላይ ፀጉር ተመልሶ አልበቀለም፤ ወፍራም ቆዳ ሆኖ ቀረ። የግራጫዋም ጆሮ ጫፉ ትንሽ ተቆርሷል። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሁለቱን እየገለበጥኩ ጆሮ፣ ተረከዝ፣ ሆድ፣ ከጅራት ሥር ሳይቀር ፀጉሩን እየገለጥኩ አያለሁ። ሰው እስኪነግረኝ አልጠብቅም።

ባለፈው ሳምንት አንድ የፊዚክስ መምህር፣ የሆነውን ሁሉ ከሰው ሰምቶ፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሰው ሁሉ ባለበት ጠየቀኝ።

«ቤት ለቀሽ፣ ክፍለ ጊዜ አስይዘሽ፣ ሦስት ወር አጥበሽ፤ ይሄ ሁሉ ለሁለት ጥንቸል?»

«ይሄ ሁሉ» አልኩት፤ ጠመኔዬን አንስቼም ወደ ክፍሌ ሄድኩ።