ያልጠጣው ሰካራም

ኃይለመስቀል ሸዋ በር ሰፈር ውስጥ ሲንገዳገድ ያላየው የለም። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከመንግሥት የእህል መጋዘን የሚወጣው ዓይኑ ቀልቶ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ተደግፎ ነው። አገሬውም ሰካራም ነው ብሎ ፈረደበት። ለመፍረድማ ማን ብሎን!

ሰውየው ግን ጠላ እንኳ አይቀምስም። ልጁ ሰገነት በጨቅላነቷ ኩፍኝ ይዟት ልትሞት ስትል፣ «ቁልቢ ገብርኤል፣ እሷን ተውልኝ እንጂ መጠጥ የሚባል አፌ አይገባም» ብሎ ተሳለ። ልጅቱ ዳነች። እሱም ቃሉን ላለመብላት በሰው ሰርግ ላይ ውሃ ይጠጣ ነበር። ሰገነት ከፍ ካለች በኋላ አባቷን ሰካራም ካሏት የሰፈር ልጆች ጋር ስንት ጊዜ ተቧጭቃለች።

የሚያንገዳግደው የነቀዝ መድኃኒት ነበር። ዱቄቱ በእንጨት ሲማሰል አልሟሟ ይለዋል፤ ስለዚህ ክንዱን በርሜሉ ውስጥ ነክሮ ያሸዋል። ከዚያ ፓምፑን አዝሎ፣ አፉን በጨርቅ ሸፍኖ ጆንያ ሲረጭ ይውላል።

በ1978 ዓ.ም. ዓይኑ ቢጫ ሆነ፤ ሆዱ ተነፋ። ሐኪሙ ቀዶ ቢያየው ጉበቱ እንደ ጠጪ ጉበት በስብ ተሞልቶ ጠጥሯል። «ስንት ዓመት ጠጣህ?» አለው። አልጠጣሁም ሲለው ሐኪሙ ሳቀ። ሥራህ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀው ግን የለም። ነቀዝ የሚፈጅ መርዝ የሰውን ጉበት እንደማይምር ለመጠርጠር ስንት ዓመት መማር ያስፈልጋል?

ሚስቱ ገላነሽ የሐኪሙን ቃል ይዛ፣ «ስለቱን አፍርሰህ ልጄን ልታስቀስፍብኝ!» እያለች ደረቷን ደቃች። የመጋዘኑ ዘበኛ ከድር ሊጠይቀው መጥቶ፣ «ወላሂ፣ ቀምሶ አያውቅም» ብሎ ማለ።

የንስሐ አባቱ መምሬ ገብረመድኅን ፈገግ አሉ። «ከድር መጠጥ ቤት ገብቶ አያውቅ፤ በምን ያየዋል?» ከዚያም ወደ በሽተኛው ዞሩ። «ልጄ፣ ኃጢአትህን ደብቀህ እግዚአብሔር ይፍታህ ልልህ አልችልም።»

ኃይለመስቀል ሦስት ቀን እምቢ አለ። በአራተኛው ቀን ትንፋሹ ሲያጥረው ሳይፈታ መሞትን ፈራ፤ መምሬን አስጠርቶ አልጋው በመጋረጃ ተከለለ።

«ጠጥቻለሁ፣ አባቴ።»

«ስለትህንስ?»

«አፍርሻለሁ።»

መምሬ ፈቱት፤ መስቀላቸውንም አሳለሙት። የአንድ ክፍል ቤት መጋረጃ ግን ምሥጢር አይጠብቅም። መጋረጃው ሲገለጥ ገላነሽ ዓይኗን እየጠረገች ነበር፤ ሰገነትም አጠገቧ ቆማለች። ኃይለመስቀል ልጁን ሊስማት እጁን ዘረጋ።

ልጅቱ እጁን አየችና ከእናቷ ጀርባ ተደበቀች።