በቅሎዋን ያስነሳ ግራዋ

ልጅ ሳለሁ፣ ናይሮቢ፣ ካሳራኒ በተከራየናት አንድ ክፍል ቤት ውስጥ፣ ሞታ ጅብ የተጠራባት በቅሎ በየምሽቱ ከሞት ትነሳ ነበር። የሚያስነሷት የእናቴ አጎት አባባ ተክሉ ነበሩ። ከደርግ ሸሽተው በሞያሌ ሲሻገሩ ከንብረታቸው ሁሉ ያተረፉት ምላሳቸውን ብቻ ነው። ያኔ ፋኖሱን ዝቅ አድርገን፣ ኬንያውያን ጂኮ የሚሉትን የከሰል ምድጃ ከበን፣ ጢሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን እንሰማቸዋለን፤ ይርጋለም ጓሯቸው የበቀለውን ግራዋ ጨምቀው በአፍንጫዋ ቢያንቆረቁሩላት በቅሎዋ ብድግ ብላ፣ «ኮርቻዬስ?» አለች።

እኛ ስንስቅ እሳቸው ትንፋሽ ያጥራቸው ነበር። ስኳር በሽታቸው ልባቸውን አድክሞት፣ እግራቸው አብጦ፣ ከአልጋ እስከ በር መድረስ ተራራ ሆኖባቸው ነበር። የሐኪሙን ክኒን ይውጣሉ፤ ተስፋቸው ግን ግራዋው ላይ ነው።

«አባባ፣ ግራዋማ ይኸው አጥሩ ላይ ሞልቶ!» ትላቸዋለች እናቴ፣ በዚያው ቅጠል ማሰሮ እያጠበች።

«ይሄማ የግራዋ የእንጀራ ልጅ ነው! ስኳር ቀርቶ ዝንብ አያስደነግጥም። መድኃኒቱ የጓሮዬ ነው፤ እሱም አስካለ በማለዳ፣ ሰው ሳታናግር፣ በእጇ የቀጠፈችው እንደሆነ ነው፣ አንቺ ልጅ።»

እማማ አስካለ ሚስታቸው ናቸው፤ አሮጊት እናቴን ጥዬ አልሄድም ብለው ይርጋለም የቀሩ። አባባ መንገደኛ ባገኙ ቁጥር፣ «ቅጠሉን ይዘሽልኝ ነይ» ብለው ይልኩባቸዋል። እኛ ልጆቹ የሚጠብቁት ቅጠል መስሎን ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር በሻሽ የተቋጠረ ደረቅ ግራዋ ይዞ መጣ። አባባ ተክሉ ቋጠሮውን ሳያዩ፣ ከሾፌሩ ኋላ በሩን አዩ።

«በእጇ ነው የቀጠፈችው?»

ሾፌሩ ቆቡን አወለቀ። «ጎረቤት ናት የላከችው፣ አባባ። እትዬ አስካለ... ከክረምቱ በፊት ነው ያረፉት።»

እናቴ ጮኸች። እሳቸው ሻሹን አንስተው አሸተቱ። «የሷ ነው» አሉ። ቅጠሉን አልነኩትም።

ሲመሽ፣ ለቅሶ ደራሹ ሄዶ ፍሙ ብቻ ሲቀር፣ እኛ ነፍስ ያላወቅን ልጆች በቅሎዋን አምጡ አልናቸው። እሺ ብለው ጀመሩ። በቅሎዋ ሞተች፤ ጅቡ ተጠራ፤ ግራዋው ተጨመቀ። ከዚያ ፍሙን መቆስቆስ ያዙ።

«ከዚያስ፣ አባባ?»

«ከዚያማ... ደክሟታል፤ ተዋት ትተኛ።»

ያን ምሽት በቅሎዋ አልተነሳችም። የእሳቸውም ልብ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም።

ዛሬ ሊቃውንቱ የእንዲህ ያለው ቅጠል ጭማቂ ስኳር ለጎዳው ልብ ይበጅ እንደሆነ ይመረምራሉ ሲባል እሰማለሁ። ይበጅ ያድርገው፤ እኔም ባለስኳር ሆኛለሁ። ማን ቀጠፈው ብለው ግን የሚጠይቁ አይመስለኝም። ማጋነኑን ከአባባ የወረስኩት እኔ፣ ለልጅ ልጆቼ ሳወራ በቅሎዋን ሁልጊዜ አስነሳታለሁ፤ ሞያሌንም በአንድ ዝላይ አሻግራታለሁ፤ ኮርቻው ላይ እማማ አስካለ ተቀምጠው።